ሌባን በመጽሐፍ መያዝ፤ ስለ ካርመን ሳንዲዬጎ ጨዋታ አጭር ታሪክ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጽፉ፣ እኛ ስለ አንድ የልጆች ጨዋታ ታሪክ ለመጻፍ መምረጣችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስደንቅ አይቀርም። «ጨዋታ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሰዎች ልጆቻቸውን በምን እንደሚያጫውቱ የተመለከተ ሰው፣ ልጆቹ ምን ሆነው እንዲያድጉላቸው እንደሚመኙም ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታም ታሪክ አለው እንላለን።

ሌላም ምክንያት አለን። ወላጆቻችን በኮምፒዩተርና በስልክ ጨዋታ ጊዜያችሁን ታጠፋላችሁ እያሉ ዘወትር ይወቅሱናል። ወቀሳቸው ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። ቢሆንም ጨዋታ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። እኛ ልንተርክላችሁ ያሰብነው የዛሬ 40 ዓመት ያህል ስለ ተሠራ አንድ የምርመራ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ሌባ የሚያዘው በጥይት ሳይሆን መጽሐፍ በማገላበጥ ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ታሪኩን ከሩቅ አገር ከመጀመራችን በፊት ከቤታችን እንነሣ። ማታ ልጆች ተሰብስበን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንላለን። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እሱም የአንድ አገር ስም ጠርቶ ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ካልወደደው ሌላ ያስጠራዋል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ያወቀ አገር ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌባን መፈለግም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በቀድሞው ዘመን ከነበሩት ሥርዐቶች አንዱ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነው። ይኸውም ጥፋት በተሠራበት አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሳይበተን የሚጠያየቅበት ነው። ሌላው ሌባ ሻይ ነው። በዚህኛው አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኀኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሲሄድ ሰዎች ይከተሉታል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ሁለቱን ብናስተያያቸው ልዩነታቸው ትልቅ ነው። አፈርሳታ ጕድለት ቢኖረውም ሰውን ይጠይቃል፤ ሌባ ሻይ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይፈርዳል። ምርመራ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ሲለመድ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ታሪክ እንለፍ። በ1971 በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ሦስት ወጣት የመምህርነት ተማሪዎች፣ ማለት ዶን ራዊትሽ፣ ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር፣ ለታሪክ ትምህርት ይሆናል ብለው «ኦሬገን ትሬይል» የተባለ ጨዋታ ሠሩ። ተማሪው በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምዕራብ አሜሪካ በሠረገላ እንደ ተሰደዱት ሰዎች ስንቁን ቈጥሮ መንገዱን ይጓዛል። በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ዊል ክራውዘር የተባሉ የኮምፒዩተር ዐዋቂ በዋሻ ውስጥ በቃላት ብቻ የሚኬድበት ጨዋታ ጻፉ፤ ዶን ዉድስ የተባሉ ሌላ ሰው በ1977 አስፋፉት። በ1980 ወይዘሮ ሮበርታ ዊልያምስ ከባለቤታቸው ከኬን ጋራ ሆነው «የምሥጢር ቤት» የተባለውን ጨዋታ ሥዕል ጨምረው አወጡ። በ1982 ደግሞ «ዴድላይን» የተባለ ጨዋታ ታየ፤ በዚህ ተጫዋቹ መርማሪ ሆኖ በ12 ሰዓት ውስጥ የአንድን ባለጸጋ አሟሟት እንዲደርስበት ይታዘዛል፤ በጨዋታው ማሸጊያ ውስጥም የፖሊስ ወረቀቶች ተጨምረው ይሸጡ ነበር።

ከነዚህ ጨዋታዎች ብዙ ጥበብ ተገኝቷል። ነገር ግን የመርማሪዎቹ ጨዋታዎች የተመሠረቱት በግድያ ላይ ስለ ነበረ፣ እናትና አባት ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ መምህርም ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ዐይነት አልነበሩም። የጐደለው ይህ ነበር።

ጕድለቱን የሞላው ብሮደርቡንድ የተባለው ኩባንያ ነው። ይህን ኩባንያ በ1980 በኦሬገን ክፍለ ሀገር በዩጂን ከተማ የመሠረቱት ሚስተር ዳግ ካርልስተንና ወንድማቸው ሚስተር ጋሪ ካርልስተን ናቸው። ሚስተር ዳግ በሙያቸው የሕግ ጠበቃ ሲሆኑ የኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፍ የጀመሩት ለመዝናናት ነበር። የኩባንያው ስም የወንድማማቾች ማኅበር እንደ ማለት ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኩባንያው ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ሳን ራፋኤል ከተማ ተዛወረ።

በዚያ ኩባንያ ይሠሩ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ዴን ቢገም፣ ተጫዋቹ ረጅም ቃል መጻፍ ሳያስፈልገው ከቀረበለት ዝርዝር ውስጥ እየመረጠ የሚሄድበት የሌባና ፖሊስ ጨዋታ ዐሰበ። ቀድሞ በዋልት ዲዝኒ ዘንድ ይሥሉ የነበሩት ጂን ፖርትዉድ፣ ከሎረን ኤሊዮት ጋራ ሆነው ሥዕሉንና አካሄዱን አሳመሩ። ዴቪድ ሲፍኪን የተባሉት ጸሓፊ የሌቦቹን ማኅበርና የአባላቱን ስም ፈጠሩ፤ ከነዚህም ስሞች መካከል ካርመን ሳንዲዬጎ የሚለው ስለ ተወደደ የሌቦቹ አለቃ እሷ ሆነች። ሚስተር ጋሪ ካርልስተን ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አልማናክ ማገላበጥ የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሌቦቹ ከአገር ወደ አገር እንዲሸሹና ተጫዋቹ እነሱን ለማግኘት አልማናክ እንዲመለከት ሐሳብ አቀረቡ። አልማናክ ማለት የየአገሩ ሕዝብ ብዛት፣ ገንዘብ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ምርትና የመሳሰለው ሁሉ ተሰብስቦ በየዓመቱ የሚታተም መጽሐፍ ነው።

በዚህ ዐይነት «ካርመን ሳንዲዬጎ በዓለም ላይ የት አለች?» የተባለው ጨዋታ በ1985 ለአፕል ሁለት ኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ ወጣ። ያን ጊዜ የአንድ ዲስክ ገጽ የሚይዘው 140 ሺህ ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዓለምን በሙሉ በዚያች ዲስክ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ሣጥኑን የከፈተ ልጅ ከዲስኩ ጐን ከ900 ገጽ በላይ የሆነ «የዓለም አልማናክ» ያገኝ ነበር። ጥያቄው በኮምፒዩተሩ፣ መልሱ በመጽሐፉ ሆነ።

አካሄዱ እንደሚከተለው ነው። ተጫዋቹ አክሚ በተባለ የምርመራ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ መርማሪ ሆኖ ይቀጠራል። በአንድ ከተማ አንድ የታወቀ ቅርስ መሰረቁ ይነገረዋል፤ ሌባውን ለመያዝ የሚሰጠው ጊዜ ከሰኞ ጧት እስከ እሑድ አመሻሽ ነው። በየከተማው ባንክ፣ ሆቴል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አውሮፕላን ጣቢያና የመሳሰሉትን እየዞረ ሰዎችን ይጠይቃል። እነሱም ሌባው ገንዘቡን በምን እንደ ለወጠ፣ የተሳፈረበት ዕቃ ምን ዐይነት ሰንደቅ ዓላማ እንደ ነበረው፣ ምን ለማየት እንደ ጓጓ ይነግሩታል። እያንዳንዱ ጥያቄና እያንዳንዱ በረራ ሰዓት ይወስዳል፤ ሌሊት ደግሞ መርማሪው መተኛት አለበት። የተሳሳተ ከተማ ከገባ ሰዎቹ እንዲህ ያለ ሰው አላየንም ይሉታል፤ የጠፋውን ሰዓት ግን የሚመልስለት የለም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ውስጥ የነበሩት ከተሞች 30 ናቸው። መርማሪው እንዴት እንደሚያስብ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ራሳችን እንሥራ። ምስክሩ «ሌባው ገንዘቡን በሊራ ለወጠ» አለ እንበል። በ1985 ሊራ የሚሠራባቸው ከ30ዎቹ መካከል ሦስት ናቸው፤ እነሱም ሮማ፣ ሳን ማሪኖና ኢስታንቡል ናቸው። በዚህ ብቻ የተነሣ መርማሪ ከሦስት አንዱን በዕድል ይመርጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር ደግሞ «አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ሰንደቅ ዓላማ አየሁ» አለ። ይህ ቀለም የጣልያን ነው፤ ነገር ግን የሃንጋሪና የሜክሲኮም ነው፤ ቡዳፔስትና ሜክሲኮ ከተማም ከ30ዎቹ መካከል ናቸው። እንግዲህ ሁለተኛውም ቃል ለብቻው አይበቃም። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ስናደርግ ግን ሊራም ቀለሙም የሚስማሙባት ከተማ አንዲት ብቻ ትሆናለች፤ እሷም ሮማ ናት። አንድ ምስክር ብቻውን ያሳስታል፤ ሁለቱ ሲተያዩ እውነቱ ይወጣል። መምህራኖቻችን በታሪክ ክፍል «አንድ ምንጭ ብቻ አይበቃም» የሚሉን ነገር ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ የወደድነው የጨዋታው ሕግ ሌላ ነው። መርማሪው ሌባው ያለበት ከተማ ቢደርስ እንኳ የመያዣ ትእዛዝ ካልያዘ ሊይዘው አይችልም። ትእዛዙን ለማግኘት ደግሞ በመንገድ ላይ የሰበሰበውን ነገር፣ ማለት የተጠርጣሪውን ፆታ፣ የጠጕሩን ቀለም፣ በትርፍ ጊዜው የሚወደውን ሥራ፣ መለያ ምልክቱንና የሚነዳውን ተሽከርካሪ ለኮምፒዩተሩ ያስመዘግባል። ካርመንን ጨምሮ 10 ተጠርጣሪዎች አሉ። ማስረጃው ከ10ሩ አንዱን ብቻ እስኪያመለክት ድረስ ትእዛዝ አይሰጥም። ያለ ትእዛዝ የደረሰ፣ ወይም በሌላ ሰው ስም ትእዛዝ አውጥቶ የመጣ መርማሪ፣ ሌባውን ፊት ለፊት እያየው ያመልጠዋል።

ይህ ሕግ እኛን በተለይ የነካን ስለ ምን እንደ ሆነ ሳንደብቅ እንናገር። ቀደም ባለ አንድ ዓመት በክፍላችን የአንድ ተማሪ ካልኩሌተር ጠፋ። እኛም ሳንጠይቅና ሳንመረምር አንድ ጓደኛችንን ጠረጠርን። ማስረጃችን ምን ነበር? እሱ የራሱ ካልኩሌተር የሌለው መሆኑና በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ውስጥ መቅረቱ ብቻ ነበር። ማንም ሌባ ብሎ አልጠራውም፤ ነገር ግን ቦርሳችንን ከእሱ አራቅን፤ ይህም ከመናገር የበለጠ መናገር ነበር። ከሳምንት በኋላ ባለ ዕቃው ካልኩሌተሩን በቤቱ ከሹራቡ ኪስ ውስጥ አገኘው። ጓደኛችንን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እሱም ይቅር አለን፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ መቀመጫውን ለውጦ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። እኛ ያደረግነው ሌባ ሻይ አልነበረምን? እንዲያውም ሌባ ሻይ ቢያንስ ራሱን በሳተ ልጅ ያሳብባል፤ እኛ ግን በሙሉ ልቡናችን ነበርን። ይህን ጨዋታ ስንጫወት «የመያዣ ትእዛዝ የለህም» የሚለው ቃል ሲመጣ እርስ በርሳችን የተያየነው ስለዚህ ነው።

ጨዋታው ለቤተ ሰብ የተመቸ የሆነበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይገለጻል። በውስጡ ግድያ የለም። የሚጠፋው ሕይወት ሳይሆን ቅርስ ነው፤ የተሰረቀውም ተመልሶ ይገኛል። ሌቦቹም ከሚያስፈሩ ይልቅ የሚያስቁ ናቸው። የሸነፈ ልጅ ወደሚቀጥለው ምርመራ ያልፋል፤ የተሸነፈም እንደ ገና ይሞክራል። መርማሪው ወንድ ይሁን ሴት ጨዋታው አይጠይቅም፤ የሌቦቹ አለቃም ብልኅና ፈጣን ሴት ናት። በብዙ ቤቶች አንዱ ልጅ ኮምፒዩተሩን ሲነካ፣ ሌላው አልማናኩን ሲገልጥ፣ አባትና እናት ከኋላ ሆነው ሲገምቱ ይታይ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨዋታው እጅግ ስለ ተወደደ ወንድሞችና እኅቶች ወለደ። በ1986 ስለ አሜሪካ ክፍላተ ሀገር፣ በ1988 ስለ አውሮፓ፣ በ1989 ስለ ዘመናት ታሪክ የሚያስተምሩ ተከታታዮች ወጡ። ከያንዳንዳቸውም ጋራ መጽሐፍ ነበረ፤ ከአሜሪካው ጋራ የመንገደኞች መምሪያ፣ ከአውሮፓው ጋራ አትላስ፣ ከዘመናቱ ጋራ አንድ ጥራዝ ኢንሳይክሎፒዲያ ይሰጥ ነበር። በ1988 በተደረገ ጥናት ብዙ አሜሪካውያን የታወቁ አገሮችን እንኳ በካርታ ላይ ማሳየት አለመቻላቸው ስለ ተገለጠ፣ የሕዝብ ቴሌቪዥን ድርጅታቸው የጨዋታውን ስም ይዞ ከመስከረም 1991 ጀምሮ እስከ 1995 የልጆች የጂኦግራፊ ውድድር አሳየ። ተዋናይቷ ሊን ቲግፐን የመርማሪዎች አለቃ ሆና ትሠራ ነበር። በመጨረሻው ዙር አሸናፊው ልጅ ወለሉን በሞላው ትልቅ ካርታ ላይ እየሮጠ የተጠሩትን አገሮች በ45 ሴኮንድ ውስጥ ምልክት ያደርግባቸዋል። በተለይ የአፍሪካ ካርታ ሲወጣ ልጆቹ ይጨነቁ እንደ ነበረ ዛሬም ይነገራል።

በዚሁ መንገድ ሌሎችም ተከትለዋል። ከ1930 ጀምሮ በመጽሐፍ ስትነበብ የኖረችው ወጣት መርማሪ ናንሲ ድሩ፣ በ1998 ኸር ኢንተራክቲቭ በተባለ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ባለ ኩባንያ አማካይነት የኮምፒዩተር ጨዋታ ሆነች። የኮምፒዩተር ጨዋታ የወንዶች ነው፤ ሴት ልጆች አይገዙትም የሚባልበት ዘመን ነበር። ከ30 በላይ የሆኑት የናንሲ ድሩ ጨዋታዎች ግን ይህ ግምት ልክ አለመሆኑን አሳይተዋል። ይህም ያለ ማስረጃ የተፈረደ ፍርድ እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል።

አሁን ወደ ዋናው የታሪክ ነጥባችን እንምጣ። ጨዋታው ከወጣ በኋላ ዓለም ዝም ብላ አልቈየችም። የቴሌቪዥኑ ውድድር በጀመረበት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። በ1993 ቼኮስሎቫኪያ ለሁለት ተከፈለች፤ በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ አዘጋጆች፣ የተነገረው የጂኦግራፊ ነገር ሁሉ ፕሮግራሙ በተቀረጸበት ቀን ትክክል እንደ ነበረ የሚያስታውቅ ማሳሰቢያ ከፕሮግራሙ ጋራ ያሳዩ ነበር። በ2002 ደግሞ ጣልያንና ሳን ማሪኖ በሊራ ፈንታ በዩሮ ገንዘብ መገበያየት ጀመሩ።

እንግዲህ ቅድም የሠራነውን ምሳሌ እንደ ገና እንመልከተው። ዛሬ አንድ ልጅ የ1985ን ጨዋታ ይዞ «ሌባው ገንዘቡን በሊራ ለወጠ» የሚለውን ቃል በዛሬ መጽሐፍ ቢፈትሽ፣ ከ30ዎቹ ከተሞች መካከል ሊራ የቀረው በኢስታንቡል ብቻ ነው። ያለ ጥርጥር ወደ ቱርክ ይበራል፤ ሌባው ግን ሮማ ተቀምጦ ይሥቅበታል። ምስክሩ አልዋሸም፤ መጽሐፉም አልተሳሳተም። የተለያየው ዘመናቸው ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ማስረጃ ሁሉ ዓመት አለው፤ የጥንቱን ቃል በጥንቱ መጽሐፍ እንጂ በዛሬው ብቻ መመርመር ያሳስታል። የታሪክ ተማሪ የድሮ ደብዳቤ ወይም የድሮ ካርታ ሲያገኝ አስቀድሞ «መቼ ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሌላም ምሳሌ ለእኛ ቅርብ የሆነ አለ። ከ30ዎቹ ከተሞች ውስጥ የአፍሪካ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ካይሮ፣ ባማኮ፣ ኪጋሊና ሞሮኒ ናቸው። አዲስ አበባ የለችበትም። በ1985 ጨዋታ ውስጥ ያለ ምስክር «አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ዓላማ አየሁ» ቢል፣ ከእኛ ወገን የሆነ ተጫዋች «ይህማ የእኛ ነው!» ብሎ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን መልሱ ወይ ባማኮ ወይ ኪጋሊ ይሆናል። እነዚህ ቀለማት የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ ቀለማቱን ከኢትዮጵያ ወሰደች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ የአፍሪካ አገሮች በነዚሁ ቀለማት ተጠቀሙ። ማሊና ሩዋንዳም ይዘዋቸው ነበር። ሩዋንዳ ግን በ2001 ሰንደቅ ዓላማዋን ስለ ለወጠች ይህም ፍንጭ ዛሬ አርጅቷል። በጨዋታው ውስጥ ቀለማችን አለ፤ ከተማችን ግን የለችም። ይህን ስናውቅ በመጀመሪያ ቅር አለን። ቈይተን ግን ጨዋታውን የሠሩትን ከመውቀስ ይልቅ ራሳችንን ጠየቅን፤ ስለ አገራችን ፍንጭ ስጡ ብንባል ስንቱን ልንሰጥ እንችላለን? በክፍላችን ብንሞክረው ስለ ቡና፣ ስለ ላሊበላና ስለ ዐባይ ከተናገርን በኋላ ዝም አልን።

የኩባንያውን ፍጻሜ በአጭሩ እንናገር። ብሮደርቡንድ በ1998 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ የገዛውም ኩባንያ በበኩሉ በ1999 አሻንጉሊት ሠሪ በሆነው በማቴል ተገዛ። ካርመን ሳንዲዬጎ ግን አልጠፋችም። በ2019 በጉግል የዓለም ካርታ ላይ የሚጫወቱባት ሆና ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት በኔትፍሊክስ ተከታታይ የሥዕል ፊልም ተሠራላት፤ በ2025ም አዲስ ጨዋታ ወጣላት። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም፤ እሱም ከዲስኩ ጐን የነበረው ወፍራም መጽሐፍ ነው። ዛሬ ማንኛውም ልጅ የማንኛውንም አገር ገንዘብ ስም በስልኩ በቅጽበት ያገኛል።

ይህ መልካም ነገር ነው፤ ዕውቀት መቅረቡን አንጠላም። ነገር ግን አልማናክ የሚያገላብጥ ልጅ ሮማን ሲፈልግ በመንገዱ ላይ ሩማንያንና ሩዋንዳን ያነብ ነበር። ያልፈለገውንም ነገር ያገኝ ነበር። ስልክ የጠየቅነውን ብቻ ይመልሳል፤ ደግሞ የሚመልሰው የዛሬውን እንጂ የ1985ን አይደለም። ስለዚህ ፈጥኖ ማግኘት ማለት በትክክል ማግኘት ማለት አለመሆኑን ልብ እንበል።

ወላጆቻችንም ሊቃወሙን ይችላሉ። «የአገር ገንዘብና የሰንደቅ ዓላማ ቀለም መቍጠር ዕውቀት ነው ወይ?» ቢሉን፣ ብቻውን አይደለም ብለን እንመልሳለን። ጨዋታው የሕዝቡን ኑሮ፣ ሐዘኑንና ደስታውን አያስተምርም፤ አንድን አገር በአንድ ሥዕልና በጥቂት ቃል ያልፈዋል። ጨዋታው ትምህርት ቤትን አይተካም፤ ወደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ሊልክ ይችላል። አንድን ጨዋታ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው ለማለት የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ቢሆን እንወዳለን፤ ልጁ ጨዋታውን ሲያቆም የሚቀጥለው ጥያቄ አለው ወይስ የለውም?

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትቀመጥ። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አገራችን አንድ ወንዝ፣ ተራራ፣ ከተማ፣ ሰብል፣ ገዳም ወይም መስጊድ ፍንጭ ጽፎ ይጨምርባት። ሦስት ሕግ ይኑራት። አንደኛ፣ አንድ ፍንጭ ብቻውን አይበቃምና ሁለት ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ፍንጩ የተገኘበት መጽሐፍ ስም ይጠቀስ። ሦስተኛ፣ ነገሩ እውነት የነበረበት ዓመት ይመዝገብ። መልሱ የጠፋበት ተማሪ እንደ አባቶቻችን ልማድ አገር ይስጥ፤ ነገር ግን ስሙን ጠርቶ ብቻ አይሂድ፤ ስለ ሰጠው አገር በሚቀጥለው ሳምንት አንብቦ ለክፍሉ ይናገር። እንዲህ ካደረግን የተሸነፈውም ልጅ ባለ ዕውቀት ይሆናል።

ካልኩሌተር የጠፋ ዕለትም ቢሆን ከጓደኛችን ፊት ላይ ሌባ ከመፈለግ በፊት የገዛ ሹራባችንን ኪስ እንፈትሽ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ እንደሚያነበው እናውቃለን፤ የመጀመሪያውን ፍንጭ ወደ ሣጥኗ እንዲጨምርልንም የምንለምነው እሱን ነው።